ሚስስ ተሻገር ያልተሳፈረችበት አውሮፕላን

ዕፀገነት አለማየሁ ለምን አንዴ «አዎ» ብላ አልተገላገለችም? ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ አገላብጬዋለሁ፤ መልስ ግን አላገኘሁለትም። የተጠየቀችው ቀላል ነገር ነበር። በስልክ ያናገራት ሰው «ተሻገር በጋብቻ ያገኘሽው ስም ነው?» ሲላት «አዎ» ብትል ትኬቷ እዚያው ይስተካከልላት ነበር። አላለችም። ባሏን ጠልታም አይደለም። ተሻገር ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው፤ ፎቶው ዛሬም ሳሎኗ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል፤ ስሙ ሲነሳ ድምፅዋ ይለሰልሳል። ሁለቱ ሴቶች ልጆቿም በእሱ ስም ነው የሚጠሩት።

«ስሜ አይደለማ» ትላለች ሲጠይቋት። ከዚያ ወሬ ትቀይራለች።

ትኬቱን የሸጠላት በኢንተርኔት ርካሽ በረራ የሚያሻሽጥ የጉዞ ወኪል ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ በነጻ ማስታወቂያ ልሠራለት አልፈልግም። ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ያው ድርጅት «ጉዞዎ እንዴት ነበር? ኮከብ ይስጡን» የሚል ኢሜይል ላከላት። ዕፀገነት ሶፋ ላይ ተቀምጣ ለትንሿ ልጇ ለናኦሚ አንድ በአንድ አጻፈቻት፤ መጨረሻው ላይ ሙሉ ስሟን እስከ አያቷ አስገባች። ድረ ገጹ መለሰው። አስተያየት መስጠት የሚችለው ትኬቱ ላይ ስሙ ያለ ሰው ብቻ ነው አለ። ናኦሚ «ማሚ፣ ተሻገር ብዬ ልላከው?» አለቻት። መልሱን ሳትናገረው ታውቁታላችሁ። እነሱ ካልተቀበሏት እኔ እጽፈዋለሁ ብዬ ነው የተነሳሁት።

ዕፀገነት የምትኖረው ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ በሚባለው ሰፈር፣ እኛ ካለንበት አፓርትመንት በታች ባለው ፎቅ ነው። ሥራዋ ኤርፖርት ነው። መራመድ ያቃታቸውን መንገደኞች በዊልቸር እየገፋች ከመግቢያው እስከ አውሮፕላኑ በር፣ ከአውሮፕላኑም እስከ መውጫው ታደርሳለች። ብዙ ጊዜ ከአገር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡ እናቶች ይደርሷታል። እንግሊዝኛ አይችሉም፤ ፓስፖርታቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ከደረታቸው አጣብቀው ይዘዋል። «እማማ፣ አይፍሩ፣ ለእኔ ይስጡኝ» ትላቸዋለች። የኢሚግሬሽን መኮንኑ «ልጅሽ ነው ያልሽው ሰው ስሙ ከአንቺ ጋር አንድ አይደለም» ሲላቸው የምትመልስላቸው እሷ ናት። እኛ ዘንድ ሴት ስታገባ ስሟን አትጥልም፤ እስክትሞት የአባቷ ልጅ ናት፤ ልጆቿ ደግሞ የአባታቸው። ይህን ለስንት መኮንን እንዳስረዳች እሷም አታውቀውም።

ይህን ሁሉ ሰው ስታሳፍር ራሷ ከተሳፈረች ዘመን የለውም። ባለፈው ዓመት ግን ካናዳ፣ ካልጋሪ የምትኖረው ትልቋ ልጇ ህይወት አረገዘች። የመጀመሪያዋ ነው። ባለቤቷ የሚሠራው ከከተማው በጣም ርቆ ከነዳጅ ጉድጓዶቹ ዘንድ ነው፤ ሳምንታት ቆይቶ ነው የሚመለሰው። ህይወት በስልክ «ማሚ፣ ብቻዬን እንዳልወልድ» አለቻት። ዕፀገነት «እኔ እያለሁ ብቻሽን አትወልጂም» አለች። የገባችው ቃል ይህ ነበር።

ትኬቱን የቆረጠችው ናኦሚ ናት። ናኦሚ ዳላስ ተወልዳ ያደገች የኮሌጅ ተማሪ ናት። «ማሚ፣ ዲል አገኘሁልሽ» ብላ ስልኳ ላይ ሞላችው። «ላስት ኔም» በሚለው ሳጥን ውስጥ ደግሞ ምንም ሳታስብ «ተሻገር» ብላ ጻፈች። ለምን ታስብ? አብረዋት የተማሩት ልጆች ሁሉ ከእናታቸው ጋር አንድ የቤተሰብ ስም ነው ያላቸው። አስተማሪዎቿም በወላጆች ስብሰባ ላይ እናቷን «ሚስስ ተሻገር» ነበር የሚሏት። ዕፀገነትም ያን ጊዜ ፈገግ ብላ ታልፋቸው ነበር። ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስብብኝ ይህ ነው።

ጉዞው ሳምንት ሲቀረው ናኦሚ ትኬቱን አትማ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችላት። ዕፀገነት መነጽሯን አድርጋ አየችው።

«ይቺ ማናት?»

«ማሚ፣ አንቺ ነሻ።»

«ይቺን ሴት አላውቃትም።»

ናኦሚ ወረቀቱን ነጥቃ አየች። «ኦ፣ ሶሪ። ማለቴ፣ ሁላችንም ተሻገር ስለሆንን…»

«እናንተ ናችኋ። እኔ የአለማየሁ ልጅ ነኝ። አያትሽን ከአውሮፕላን አወረድሽው?»

ሳቁ። አንድ ስልክ ተደውሎ የሚያልቅ መስሏቸው ነበር።

ናኦሚ ኮል ስታደርግ መጀመሪያ ሙዚቃ፣ ቀጥሎ ማሽን፣ ቀጥሎ እንደገና ሙዚቃ ሆነ። በመጨረሻ አንዲት ሴት አነሳች። ስም መቀየር አይቻልም አለች። ትኬቱን ሰርዛችሁ በዛሬው ዋጋ ሌላ ግዙ፤ የዛሬው ዋጋ ግን ዕፀገነት የማትችለው ሆኗል። የተከፈለውስ? እሱ ለሌላ ጊዜ ጉዞ ይያዝላችኋል፤ መጠቀም የምትችለው ግን ትኬቱ ላይ ስሟ ያለው መንገደኛ ብቻ ናት።

«ማለት ሚስስ ተሻገር?» አለች ዕፀገነት።

«ልክ ነሽ» አለች ሴትዮዋ፤ የተግባቡ መስሏት።

በማግስቱ ዕፀገነት የሥራ ልብሷን እንደለበሰች አየር መንገዱ መስኮት ላይ ሄዳ ጠየቀች። እዚያ ያለችው ልጅ በየቀኑ ሰላም የምትላት ናት፤ አዝናላት ኮምፒውተሩን ደጋግማ ነካካች። ትኬቱ በወኪሉ እጅ ስለሆነ እኛ ልንነካው አንችልም አለቻት። ወኪሉ ደግሞ የአየር መንገዱ ሕግ ነው ብሎ ነበር። ሁለቱም አንዱ በሌላው ያመካኛል፤ በመሃል እሷ ቆማለች።

በእረፍት ሰዓት አብሯት ዊልቸር የሚገፋው ጳውሎስ ምሳውን እየበላ ሰማት። እንዲህ ያሉ ድረ ገጾችን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው ነው።

«እቴ፣ ይሄ ምን ችግር አለው? ስም በጋብቻ ምክንያት ከተለያየ በነጻ ያስተካክላሉ። የጋብቻ ሰርተፊኬትሽን ላኪላቸውና የባሌ ስም ነው በያቸው፣ አለቀ። ለአምስት ደቂቃ ሚስስ ብትሆኚ ምን ይልሻል?»

«አንተ ለአምስት ደቂቃ በሚስትህ ስም ትጠራለህ?»

«እኔ? ካልጋሪ የሚያደርሰኝ ከሆነ በድመቴ ስም እጠራለሁ።»

«ድመትህ ፓስፖርት አላት?»

«ሳቂ አንቺ። ልጅሽ እንደሆን አልጋ ላይ ሆና አትስቅም።»

ይቺ ነካቻት።

ማታ እንደገና ደወሉ። ስልኩን ያነሳው ሊዮን እባላለሁ ያለ፣ ድምፁ የደከመው ወጣት ነው። ናኦሚ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ናኦሚ እንደነገረችኝ እጽፈዋለሁ።

«ሚስስ ተሻገር፣ ስላስጠበቅንሽ ይቅርታ።»

«ሚስስ ተሻገር አይደለሁም። የደወልኩትም ለዚሁ ነው።»

«ይገባኛል፤ ግን ሲስተሙ የሚያሳየኝ ስም ይሄ ነው።»

«ሲስተሙ አልወለደኝም።»

ሊዮን ትንሽ ሳቀ። ፋይሉን አነበበ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ተሻገር በጋብቻ ያገኘሽው ስም ነው? አዎ ካልሽኝ ሰርተፊኬቱን ትልኪልኛለሽ፣ እኔ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ።»

ናኦሚ ከጠረጴዛው ማዶ ሆና ራሷን ወደ ላይ ወደ ታች ትነቀንቃለች። ሰርተፊኬቱ መሳቢያ ውስጥ አለ። ዕፀገነት ስልኩን አየችው።

«አይደለም» አለች።

«ሚስስ… እሜቴ፣ አዎ በይኝና ልጨርስልሽ።»

«ሊዮን፣ ጥሩ ልጅ ነህ፤ እናትህ ትባረክ። ግን ተሻገር ባሌ ነው፤ ስሜ አይደለም። ተሳስቶ የተጻፈውን አስተካክሉ ነው ያልኳችሁ፤ ሌላ ሴት አድርጉኝ አላልኩም።»

«እንደዚያ ከሆነ መርዳት አልችልም።»

«እሺ።»

«ሌላ የምረዳሽ ነገር አለ?»

«አዎ። ያቺ ሚስስ ተሻገር የምትባል ሴት ከመጣች መቀመጫዋ መስኮት አጠገብ ነው በላት።»

ስልኩ ሲዘጋ ናኦሚ ተነሳች። በሕይወቷ እናቷ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም ነበር። «አንዲት ቃል ናት፣ ማሚ። ህይወት ለአንዲት ቃል ብላ ብቻዋን ትውለድ? እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ኦኬ፣ የእኔ ጥፋት ነው። ግን ሊያስተካክልልሽ ነበር፤ አንቺ ነሽ እንቢ ያልሽው።»

ዕፀገነት «የመኪናው ዘይት መቼ ነው የተቀየረው?» አለች።

«ምን?»

«ካናዳ መንገድ የለውም? በእኛና በእነሱ መሃል ባሕር ነው እንዴ ያለው?»

ናኦሚ አሁን ስትነግረኝ ትስቃለች፤ ያን ቀን ግን እናቷ ያበደች መስሏት ነበር። ዕፀገነት በመኪና ከሄደችው ሁሉ የራቀው ኦክላሆማ ነው። ትልቋ ልጅ ግን አልጋ ልትይዝ ነው፤ ቃልም ተገብቷል። በማግስቱ ዕፀገነት ፈቃድ ጠየቀች፤ ናኦሚም ከክፍል ቀረች። ከመኪናው ኋላ ለአራስ ገንፎ የሚሆን ዱቄት፣ ብርድ ልብስ፣ ሁለት ጃኬት ጭነው ወጡ።

ናኦሚ ሰርተፊኬቱን እያሰበች እስከ አማሪሎ አኮረፈች። ኮሎራዶ ሲገቡ ተራ በተራ እየነዱ ማውራት ጀመሩ። ዋዮሚንግ ላይ ነፋሱ መኪናዋን ወደ ጎን ሲገፋት ዕፀገነት መሪውን ጭምቅ አድርጋ ይዛ «እንዲህ ነው እንጂ ዊልቸር መግፋት» አለች። ሞቴል ውስጥ ናኦሚ ስትተኛ ዕፀገነት አልጋው ላይ በጎኗ ጋደም ብላ የህይወትን ስልክ ትጠብቃለች። ናኦሚ በነቃች ቁጥር እናቷ ነቅታ ነው የምታገኛት።

ከመንገዱ ርዝመት የተነሳ ናኦሚ አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ደፈረች። አባቷ በአንድ ወቅት የነገራት ነገር ነበር። ዕፀገነት ናይሮቢ ስደተኛ ሳለች፣ ሚስቱ የሞተችበት አንድ ሰው አሜሪካ የሚያስገባ ጉዳዩ አልቆለት፣ በሟቿ ስም አብራው እንድትሄድ ለምኗት እንቢ ብላው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዓመታት እዚያው ቆየች። ናኦሚ «ለዚያ ነው አይደል አሁንም እንቢ ያልሽው?» አለቻት።

«ያ ሌላ ነው» አለች ዕፀገነት። «ሰውየው አኩራፊ ነበር።»

እኔም በኋላ ጠይቄአት ይህንኑ ነው የመለሰችልኝ።

ድንበሩ ላይ ሲደርሱ ሜዳው በረዶ ለብሷል። የካናዳው መኮንን ሁለቱን ፓስፖርቶች ጎን ለጎን ይዞ አየ።

«ምን ናችሁ?»

«ልጄ ናት» አለች ዕፀገነት።

«ስማችሁ አንድ አይደለም።»

ዕፀገነት አፏን ልትከፍት ስትል ናኦሚ ከመሪው ላይ ቀና አለች። «እኛ ጋ እናት የአባቷን ስም ነው የምትይዘው» አለችው። «እሷ አለማየሁ ናት። እኔ ተሻገር ነኝ። ስህተት የለበትም።»

መኮንኑ ትከሻውን ነቅንቆ ፓስፖርቶቹን መለሰ። መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ዕፀገነት በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ቆየች። ናኦሚ እናቷ ስታለቅስ ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሷ ግን ከበረዶው ነጸብራቅ ነው ብላ ካደች።

ካልጋሪ የደረሱት አርብ ማታ ነው። ህይወት በር ከፍታ እናቷን ስታይ ሆዷን ይዛ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ሐኪሞቹ የሰጧት ቀን ገና ነበር። ምጡ ግን ያን ሌሊት ጀመራትና ሆስፒታል ወሰዷት። ባሏ በረዶ በዘጋው መንገድ ላይ ነበር፤ እናቷ ግን አጠገቧ ነበረች፤ እጇን ይዛ «በርቺ» እያለች አነጋች። ጎህ ሊቀድ ሲል ሴት ልጅ ተወለደች።

ናኦሚ አሁን ይህን ለሰው ስታወራ «አየኸው፣ በፕሌኑ ብትሄድ ኖሮ አትደርስም ነበር» ትላለች። እውነት ነው፤ በረራው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ዕፀገነት ግን እንዲህ ብላ አታውቅም። ልጅቱ ቀድማ እንደምትመጣ ማንም አልነገራትም። «አይደለም» ስትል ሁሉንም ልታጣ እንደምትችል እያወቀች ነው ያለችው። ስለዚህ ጥያቄዬ አሁንም እንዳለ ነው።

ጠዋት ዕፀገነት ከሆስፒታሉ ወደ ህይወት ቤት ሄዳ ገንፎውን አገነፋች፤ ሳይቀዘቅዝ በፎጣ ጠቅልላ አመጣችው፤ ልጇን በእጇ አጎረሰቻት። ከዚያ አልጋው አጠገብ ካለው ተዘርጊ ወንበር ላይ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች። የናኦሚ ስልክ ጮኸ።

«ማሚ፣ ከወኪሉ ነው። "ሚስስ ተሻገር፣ የአውሮፕላንዎ በር ሊዘጋ ነው፣ እባክዎ ይፍጠኑ" ይላል።»

«እኔን አይደለም» አለች ዕፀገነት።

ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችው። ዳላስ ላይ መስኮት አጠገብ አንድ መቀመጫ ባዶውን ሲነሳ፣ ዕፀገነት አለማየሁ እንቅልፍ ወሰዳት። በካልጋሪ ሰዓት ከጠዋቱ ሁለት ተኩል ነበር።