የአያቴን ፊት ስጠብቅ

ልጅ ሳለሁ፣ ደሴ ላይ መብራት የጠፋ እንደሆነ የሸህዬ ተፍሲር ይበልጥ ያስፈራኝ ነበር። ጎረቤታችን የነበሩት እኒህ ሽማግሌ ከመግሪብ ሶላት በኋላ እኛ ቤት ተቀምጠው ቁርኣኑን በዐረብኛ ያነባሉ፤ ከዚያ የጥንት ዑለማዎች የጻፉትን ማብራሪያ እንደ ተረት አጣፍጠው በአማርኛ ያወርዱታል። ወንዶቹ ፋኖሱን፣ እኔና እናቴ ከመጋረጃው ወዲህ የከሰሉን ፍም ከበን እናዳምጣለን።

አንድ ምሽት በቂያማ፣ በፍርዱ ቀን፣ ፊታቸው ስለሚነጣና ስለሚጠቁር ሰዎች ከሚናገረው አንቀጽ ደረሱ። ማብራሪያው፣ የሚጠቁሩት ከመንገዱ ወጥተው የየራሳቸውን ጎራ ያበጁት ናቸው ይላል አሉ።

«ሸህዬ፣ በምን እንለያቸው?» አለ አንዱ።

«አንዳንዶቹ ሲሰግዱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አያኖሩም፤ ቁልቁል ይለቁታል።»

አባዬ እንዲያ ነበር የሚሰግዱት። አባዬ የእናቴ አባት ናቸው፤ በወጣትነታቸው ከየመን መጥተው ኮምቦልቻ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ዘይዲ ከሚባለው የሺዓ ወገን ናቸው። ያኔ ስሙን አላውቀውም፤ የማውቀው ቴምር በኪሳቸው ይዘው እንደሚጠብቁኝ ነው። እናቴን አየኋት። ፍሙን ትቆሰቁሳለች፤ ቀና አላለችም።

ከዚያ ወዲያ ኮምቦልቻ በወረድን ቁጥር ፊታቸውን እጠብቅ ጀመር። ሲስቁ አያለሁ፣ ሲያንቀላፉ አያለሁ፤ ጉንጫቸውን ስስም እንኳ ዓይኔን አልጨፍንም። ለማንም አልተናገርኩም፤ ከተናገርኩት የሚደርስባቸው መሰለኝ። ኋላ ጉበታቸውን ታመሙና እውነትም ፊታቸው መጀመሪያ ጠየመ፣ ከዚያ ጠቆረ፤ እንደጠቆረም ሞቱ። በልጅ ልቤ፣ ቂያማ ለእሳቸው ብቻ ቀድሞ መጣ አልኩ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

አጥበው የከፈኗቸው ሸህዬ ነበሩ። ሲወጡ ቀሚሳቸውን ያዝኩ።

«ሸህዬ፣ የአባዬ ፊት የጠቆረው እጃቸውን ስለሚለቁ ነው?»

ከፊቴ ቁጢጥ አሉ። እጃቸው ገና እርጥብ ነበር።

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«እርስዎ።»

«ወላሂ ልጄ፣ በሽታ ነው ያጠቆራቸው። ያን የጻፉት ሰዎች አያትሽን አያውቋቸውም» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «እኔ ግን አውቃቸው ነበር።»

ንባቡ ዞሮ እዚያው አንቀጽ ሲደርስ፣ ሸህዬ ዐረብኛውን አነበቡና አማርኛውን ሳያወርዱ አለፉ። ለእኔና ለእናቴ ብለው እንደሆነ ዛሬ ይገባኛል፤ እወዳቸዋለሁም። ግን አንዴ ጆሮ የገባ ነገር በዝምታ አይወጣም።

አምና እናቴ ስትሞት ከአጣቢዎቹ አንዷ እኔ ነበርኩ። ነጠላው ከፊቷ ሲገለጥ መጀመሪያ ያየሁት የፊቷን ቀለም ነው። እናቴ መሆኗ ትዝ ያለኝ፣ እንባዬም የመጣው፣ ከዚያ በኋላ ነበር።