የወይራ ምድር ሦስተኛው ድንጋይ

ይታየው የወይራ ምድር ሚካኤል ደወል ደዋይ ነው። የደብሩ ደወል ከጥንት ጀምሮ በቅጥሩ ካለው ወይራ ቅርንጫፍ የሚንጠለጠሉ ሦስት ረጃጅም ድንጋዮች ነበሩ። የትልቁ ድምፅ ወፍራም፣ የትንሹ ቀጭን ነው፤ መካከለኛው ሁለቱን ያስታርቃል።

ይኸው መካከለኛው ወድቆ ተሰበረ። ጥፋቱም የራሱ የይታየው ነው። አባቶች እያደሱ ያቆዩትን የቆዳ ጠፍር «ያረጀ ነገር» ብሎ ፈታና ከአርብ ገበያ የገዛውን የናይለን ገመድ አሰረበት። ናይለኑ በድንጋዩ ስለት ተበልቶ በሁለተኛው ክረምት ተበጠሰ። በምትኩ የአይሱዙ ቸርኬ ተሰቀለ። ቸርኬ መቼም ይጮሃል፤ ሰዉ ግን ቅዳሴ መድረሱን ትቶ የማን መኪና ተበላሸ ይል ጀመር። ይታየው በደወለ ቁጥር በራሱ ይናደድ ነበር።

ሁለት ዓመት ሙሉ ምትክ ፍለጋ ገደል ለገደል እየዞረ ድንጋይ ሲያንኳኳ ኖረ። ሚስቱ እሌኒ «አንተ ሰው፣ ገብሱ ሳይታረም ድንጋይ ታባብላለህ!» ትለዋለች። በመጨረሻ የደብሩ መሪጌታ አለሙ ቁርጡን ነገሩት።

«ለኅዳር ሚካኤል ካላገኘህ የቀሩትን ሁለቱንም አውርደን ለምንሠራው እቃ ቤት መሠረት እናደርጋቸዋለን። ሌላ ቸርኬ ተገኝቷል።»

«እስከዚያ ይታገሡኝ፣ የኔታ» አለ ይታየው።

በጥቅምት ወር በአንዱ አርብ፣ ገብስ ከጫኑ አህዮች ኋላ ወደ ገበያ ሲወርድ፣ መንገዱን በሚያቋርጠው ቦይ ላይ የተጋደመው ጠፍጣፋ ድንጋይ በአንዷ አህያ ኮቴ ሥር ግንን አለ። ይታየው ክው ብሎ ቀረ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲረግጠው የኖረ ድንጋይ! ክረምቱ ከሥሩ የታጨቀውን አፈር ጠርጎ ቢወስድለት ገና አሁን መተንፈሱ ነው። ጎንበስ ብሎ በጠጠር መታው፤ ደግሞ መታው። ከዚያ ገበያተኛው ሁሉ እያየው ሳመው።

ለመሻገሪያው አራት የባሕር ዛፍ ግንድ አጋደመና ድንጋዩን በቃሬዛ አሸክሞ ሽቅብ ተያያዘው። ያገኛቸው መንገደኛ ሁሉ «ምኑን ነው ያመመው? እግዜር ይማረው!» ይላል። ተሸካሚዎቹም ማስረዳቱ ቢታክታቸው «አሜን» እያሉ ያልፋሉ።

ሲሰቀል ግን ድምፁ ከትልቁ ጋር አንድ ሆነበት። ጫፉን ቢያሳጥረው ይቀጥናል፤ አንዲት ስንጥቅ ከገባችበት ግን ሁሉም ነገር አበቃ። ይታየው ፈራ። ፈርቶም አልተወው፤ በመዶሻ ትንሽ ትንሽ እየፈለጠ፣ እየሰቀለ፣ እየሰማ፣ እያወረደ ሦስት ቀን ሠራ። ጠፍሩንም ራሱ ቆርጦ በቅቤ አለሰለሰው።

ኅዳር አሥራ ሁለት ጎሕ ሲቀድ ትልቁን መታ፤ ትንሹን መታ። ከዚያ አዲሱን መታ። ገባ! በሁለቱ መካከል፣ ልክ በቦታው ገባ። ዳገቱን ይወጣ የነበረው ምእመን ባለበት ቆመ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ ከገደሉ ማዶ፣ ከስማዳ በኩልም ሌላ እልልታ መለሰ። ይታየው እጁን አወረደ።

መሪጌታ አለሙ መቋሚያቸውን ይዘው ከደጀ ሰላሙ ብቅ አሉ።

«ለእቃ ቤቱ መሠረት ድንጋይ ከወንዝ ይምጣ» አሉ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው። ከዚያ ይታየውን አዩት። «አንተስ ምን ቆመሃል? ድገመው እንጂ!»