ባለቤቴ ዑድ የገዛ ጊዜ

ባለቤቴ ሃያ ሁለት ዓመት ጊታር ተጫውቷል። የሙዚቃ ቡድናቸው ቅዳሜና እሑድ በየሰርጉ፣ በሌላው ቀን በአንድ ሆቴል አዳራሽ ይሠራ ነበር። የእሱ ወንበር ከዘፋኟ በስተቀኝ፣ እጇን ብትዘረጋ የምትደርስበት ቦታ ላይ ነው። ዘፈን ሊጀመር ሲል ዞር ብላ ታየዋለች፤ እሱ በአገጩ ምልክት ይሰጣታል፤ ከዚያ ይጀመራል። ይህን አንድ ጊዜ ሰርግ ላይ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ሁለተኛ ለማየት አልሄድኩም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤታችን ሁለት ክፍል ነበረች፤ በፊተኛው የስፌት መኪናዬ፣ የደንበኞች ልብስና የእሱ ጊታር፣ በኋለኛው አልጋችን። ዝምተኛ ሰው ነበር። ቁርሱን ቆሞ ይበላል፣ ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል። የግራ እጁ ጣቶች ጫፋቸው እንደ ቀንድ ደርቆ ነበር፤ ሲያስብ በአውራ ጣቱ ይዳብሳቸዋል። ስለ ዘፋኟ ሲያወራ ብቻ ምላሱ ይፈታል። "ዛሬ ጉንፋን ይዟት ሁላችንም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ተጫወትንላት" ይለኛል። እኔ ጉንፋን ሲይዘኝ ዝቅ የሚልልኝ ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን ከልምምድ ፊቱን አጥቁሮ ተመለሰ።

"ሰው መጣብን" አለኝ።

"ምን ዓይነት ሰው?"

"ዑድ የሚጫወት። ኮቱ የተተኮሰ፣ ጸጉሩ የተቀባ። ሙሽራ ነው የሚመስለው። ከእንግዲህ በሄድንበት ሰርግ ሁሉ ሁለት ሙሽራ ሊኖር ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰውየው ስም በቤታችን ሙሽራው ሆነ። ሙሽራው እንዲህ ተጫወተ፣ ሙሽራው ዘግይቶ መጣ፣ ዘፋኟ ለሙሽራው ሻይ ቀድማ ሰጠችው። በወሩ የባለቤቴ ወንበር አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ተገፋ፤ በሁለተኛው ወር ከከበሮ መቺው አጠገብ ደረሰ። ዘፋኟም ዘፈን ልትጀምር ስትል ወደ ዑዱ ዞረች።

"ዑድ ልገዛ ነው" አለ አንድ ጠዋት፣ ቁርሱን በእጁ እንደያዘ።

"ትችለዋለህ?"

"ጊታር ለሚችል ሰው ዑድ ምኑ ነው? ያም ክር፣ ይሄም ክር። ሁለት ወር ስጪኝ፣ ወንበሬ ላይ እመለሳለሁ።"

ወንበሩ የማን ጎን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። አብሬው ሄድኩ።

ዑድ ሠሪው አንድ መስኮት ባላት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሽማግሌ ነው። ክፍሉ ሙጫ ሙጫ ይሸታል፤ ጀርባቸው ብቻ ያለቀ ዑዶች አፋቸውን ከፍተው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል።

"ለማን ነው?" አለ፣ ከመነጽሩ በላይ እያየው።

"ለአንድ ወዳጄ።" ወሬው ሙሽራው ጆሮ እንዳይገባ ነው የዋሸው።

"ወዳጅህ ይምጣና እጁን ልየው። ለሰው እጁን ሳላይ ዑድ አልሰጥም።"

"እጁ የኔን ያህላል" አለና ባለቤቴ መዳፉን ዘረጋ።

ሽማግሌው የግራ ጣቶቹን ጫፍ አንድ በአንድ ጫን ጫን አደረገ። "ወዳጅህ ብዙ ለፍቷል" ብሎ ዑድ ሊያወርድ ጀርባውን ሰጠን። ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የዑድ ጀርባ እንደ ግማሽ ሐብሐብ ክብ ነው። ቤት ገብቶ ጭኑ ላይ ቢያደርገው አልረጋለት አለ። በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ አቀፈው። እኔን እንዲያ ካቀፈኝ ቆይቶ ነበር። መርፌ እያስገባሁ ጣቴን ወጋሁ።

ጊታር አንገቱ ላይ ጣት የት እንደሚያርፍ የሚነግሩ የብረት መስመሮች አሉት። የዑድ አንገት ልሙጥ ነው። ባለቤቴ ሁለት ቀን ሞክሮ፣ ሁለት ቀን ተሳድቦ፣ በሦስተኛው ቀን "ሜትርሽንና ጠመኔሽን አምጪ" አለኝ። በጊታሩ ላይ እያንዳንዱ መስመር ከአንገቱ ጫፍ ስንት እንደሚርቅ ለካ፤ በዚያው ልክ ጥቁሩ የዑድ አንገት ላይ በልብስ ጠመኔ ነጭ መስመር አሰመረ። ስድስት መስመር። የሜትሩን ጫፍ የያዝኩለት እኔ ነኝ።

ሦስት ሳምንት በነዚያ መስመሮች ላይ ለፋ። ድምፁ ሁሉ ከሚገባው በላይ ይወጣል፤ አንገት ሲጠብ አናት አልገባ እንደሚል ሹራብ ሆነ። ጎረቤታችን እንኳ በግድግዳው በኩል "እትዬ፣ በሩን ቅባት አድርጉለት!" ብላ ጮኸች። በመጨረሻ ዑዱን ብብቱ ሥር አድርጎ ሠሪው ዘንድ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት።

"የሰጡኝ ዑድ ጤና የለውም!" አለ ገና ሳይቀመጥ።

ሽማግሌው አንገቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው። "ወዳጅህ ጊታር ይጫወታል እንዴ?" አለ። ባለቤቴ ወደ ተሰቀሉት ዑዶች ቀና አለ። ሽማግሌው ወደኔ ዞረ። "ይሄ የልብስ ሰፊ ጠመኔ ነው። ያንቺ ነው ልጄ?"

"አዎ፣ አባባ።"

"የጊታር ክር ረዥም ነው፣ የዚህ አጭር ነው። አንቺ የረዥም ሰው ልክ ወስደሽ ለአጭር ሰው ሱሪ ትሰፊያለሽ?"

"አልሰፋም።"

"ታዲያ ይሄ ሲሰመር የት ነበርሽ?"

"ሜትር ይዤለት ነበር።"

ሽማግሌው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ባለቤቴ አልሳቀም፤ አየኝ። ሁለቱ ክሮች እኩል አለመሆናቸውን ስንለካ በዓይኔ አይቼ ዝም ማለቴን ያወቀብኝ መሰለኝ። ሽማግሌው መስመሮቹን በእጅጌው ጠረገና "ዓይንህን ጨፍን፤ ቦታውን ጆሮህ ይፈልገው" አለው።

ዓይኑን ጨፍኖ ሌላ አንድ ወር ለፋ። አንድ ዘፈን፣ አንድ ብቻ፣ ከሞላ ጎደል ቀና አለለት። ያን ጊዜ ጊታሩን ትቶ ዑዱን ይዞ ልምምድ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ተመልሶ የስፌት መኪናዬ አጠገብ ቆመ። መሬት መሬት እያየ ነገረኝ። ተጫውቷል። ዘፋኟ ለሰው ስታዝን እንደምታደርገው ዓይኗን ከድና ሰምታዋለች። ሲጨርስ ሙሽራው ተነስቶ "ጋሼ፣ አንዴ ልየው?" ብሎ ዑዱን ከእጁ ተቀበለ። ሁለት ክር ጠበቅ አደረገና ያንኑ ዘፈን ተጫወተው።

"የኔው ዑድ እኮ ነው!" አለኝ። "ለኔ ሲያለቃቅስ ከርሞ ለሱ ዘፈነለት። ሚስቴን ከሰው ጋር ያገኘሁ ነው የመሰለኝ።"

ሚስቱ እዚያው ተቀምጣ የሰው ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ትተክል ነበር።

"ከዚያስ?"

"ከእንግዲህ አትጠብቁኝ ብያቸው ወጣሁ።"

አዝንለታለሁ ብዬ ነበር፤ ደስ አለኝ። ራት ስሠራ እያንጎራጎርኩ ራሴን ያዝኩት።

በሳምንቱ፣ ዓርብ ቀን፣ በር ተንኳኳ። ያን ጊዜ ስልክ በየቤቱ አልነበረም። ስከፍት ኮቱ የተተኮሰ፣ ጸጉሩ የተቀባ ወጣት ቆሟል። ሳይነግሩኝ አወቅኩት።

"እትዬ፣ ጋሼ አሉ?"

"ምን ነበር?"

"ነገ ትልቅ ሰርግ አለን። ጊታራቸውን ይዘው ይምጡልን። እሳቸው ከሄዱ ወዲህ ዘፈኑን የሚያስጀምር ሰው ጠፋ፤ እኔን ታየኛለች፣ እኔ ድሮም የሳቸውን አገጭ እያየሁ ነበር፤ ያለሳቸው መቼ እንደምጀምር አላውቅም።" ፈገግ አለ። "ወንበራቸውን የድሮ ቦታው መልሰነዋል፤ እሷ ራሷ ናት ያስመለሰችው። ሁልጊዜ ስማቸውን ነው የምታነሳው።"

ይቺን የመጨረሻዋን ባይጨምራት ኖሮ፣ ምናልባት ባለቤቴን እጠራው ነበር።

ባለቤቴ ኋለኛው ክፍል ነበር፤ የዑዱ ድምፅ እስከ በሩ ይሰማል። ሙሽራው አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። "እየለመዱት ነው" አለ፤ የምር ደስ ብሎት።

"ሌላ ሥራ ይዟል" አልኩት። "አይመጣም። እንዲህ በይልኝ ብሏል።"

ሰውየው ወደ ውስጥ አየ፣ እኔን አየ። "ይሁን እትዬ" አለና ሄደ። ቆሻሻ እንዳይነካው ሱሪውን ከፍ አድርጎ ሲራመድ አየሁት፤ ስፌቱ ጥሩ ነበር።

"ማን ነው?" አለ ባለቤቴ ከውስጥ።

"ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው። ጊዜ የለኝም አልኩት።"

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ የሰርግ ጫማውን ቀብቶ በሩ አጠገብ አቆመው። ሸሚዙንም ተኩሷል። ጊታሩን ቃኝቶ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፤ በመንገዱ ሰው ባለፈ ቁጥር ጣቱ ክሩ ላይ ይቆማል። እኔ የኮት እጅጌ እየገጠምኩ ነበር። ሦስት ጊዜ አጣምሜ ገጥሜ ሦስት ጊዜ ፈታሁት። ስምንት ሰዓት ላይ ተነሳና ጫማውን አልጋ ሥር መለሰው።

"ረሱኝ ማለት ነው" አለ።

"ይርሱህ" አልኩት፣ ቀና ሳልል። "ምሳህ ቀዝቅዟል፣ ላሙቅልህ?"