«ኤዬ» ያልተባለለት ዓመት

ልጅ ሳለሁ፣ ጎባ ከተማ ከመባል ይልቅ ሰፈር መባል በሚቀናት ዘመን፣ በእኛ ቤት ዓመት ዝም ብሎ አይወጣም ነበር፤ ይሸኝ ነበር። አያቴ ከሸዋ ጦር ጋር ጠመንጃ ተሸክመው ባሌ የገቡ፣ መሬትና ገባር ተሰጥቷቸው በዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ። የጳጉሜ መጨረሻ ሲመሽ የጽድ ግንድ ምድጃው ላይ ያስጎትቱና፣ ጧፍ አስበርተው፣ ዓለም በዓመቱ የሠራችውን ሁሉ እንደ ተረት ይተርኩልን ነበር። ወሬውን የሚለቃቅሙት ከድሬዳዋ አቡጀዲ ጭነው ከሚመለሱ ነጋዴዎች ነው። የጎደለውን ደግሞ ራሳቸው ይሞሉታል፤ ካልጨመሩበት ወሬ አይጥማቸውም ነበር።

ኦቦ አደም የሲናና ሰው፣ የእኛ ገባር ነበሩ። ዛሬ አንቱ እላቸዋለሁ፤ ያኔ ግን በቤታችን ሕፃን ሳይቀር «አንተ» ይላቸው ነበር። ታላቋ ልጃቸው ፋጡማ እኛ ቤት እህል ትፈጫለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ እኔን ታዝላለች። የወገኖቿን ወሬ አሰማም ያስተማረችኝ እሷ ናት። ወሬ የተጠየቀ ሰው የሞት መርዶም ይዞ ቢሆን መጀመሪያ «ነገያ ነው»፣ ሰላም ነው፣ ይላል። ሰሚው ደግሞ ተናጋሪው ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር «ኤዬ»፣ አዎ፣ ማለት አለበት። «ዝም ካልሽኝ ወሬው መንገድ ላይ ይቀራል» ትለኝ ነበር። እኔም እንዳይቀርብኝ ፈርቼ፣ እንቅልፍ እየጣለኝ እንኳ «ኤዬ» እላለሁ። አንድ ቀን ለተረቷ ዋጋ ብዬ ሰማያዊ ዶቃዬን ከአንገቴ አውልቄ እጇ ላይ አሰርኩላት።

የማወራችሁ ስለ አንድ የሉቃስ ዓመት ነው። በኅዳሩ ያ አገር ያዳረሰ በሽታ ጎባም ደረሰ፤ ግቢያችን ተዘጋ፣ ቤቱ በጭስ ታጠነ። አንድ ማለዳ ስነቃ ፋጡማ የለችም። አባቷ መጥቶ ወሰዳት አሉኝ። ሳትሰናበተኝ በመሄዷ ብዙ ቀን አኮረፍኳት።

ዓመቱ ሲያልቅ ኦቦ አደም የበዓሉን በግ ይዘው መጡ። አያቴ በጉን በእጃቸው መዝነው ወደዱትና፣ የፋጡማ ቦታ ባዶ ስለሆነ ትንሿን እህቷን ሀሊማን ከመስቀል በኋላ እንዲያመጡ አዘዟቸው። ኦቦ አደም እሺ ብለው አንገታቸውን ደፉ። ዝናቡና ጉሙ መንገድ ስለከለከላቸው እዚያው በራፉ አጠገብ፣ ብርሃኑ ዳር ዳሩን በሚነካው ቦታ፣ ቡልኳቸውን ተከናንበው ተቀመጡ።

ያን ምሽት የአያቴ አፍ ማር ነበር። የፈረንጆች ትልቅ ጦርነት መቆሙን፣ የጀርመኑ ንጉሥ ዘውዱን ጥሎ መሸሹን፣ የሩስያው ንጉሥ ከነልጆቹ ምድር ቤት ውስጥ መረሸኑን፣ ሁለት ሰዎች በብረት ወፍ ባሕር መሻገራቸውን፣ ነገሥታቱም መስተዋት በሞላበት አዳራሽ ዕርቅ መፈራረማቸውን ነገሩን። በመጨረሻ ወደ በሽታው መጡ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ባለጸጋ ገረዱ ብትስልበት ከደጅ አስወጥቶ በሩን ዘጋባት፤ ሌሊቱን ጅብ በላት አሉ። ይህን ሲናገሩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እንዲህ ያለውን ሰው እግዜር ይቅር አይለውም» አሉ። ሁላችንም ከንፈራችንን መጠጥን። የአያቴ ሚስት ብቻ እንዝርታቸውን አቁመው እሳቱን ያዩ ነበር።

ጠላው ሞቅ ያደረጋቸው አያቴ ወደ በሩ ዞሩ። «አንተስ አደም፣ በእናንተ አገር ዓመቱ ምን አመጣ?»

ኦቦ አደም «ነገያ ነው ጌታዬ። ሰውም ከብቱም ነገያ ነው» አሉና እኔን አዩኝ።

«ኤዬ!» አልኩ። ተረት ሊጀመር ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

«አንድ ቤት ነበረ። በዚያ ቤት የሰው ልጅ እህል ትፈጭ ነበር።»

«ኤዬ።»

«በኅዳር አተኮሳት። ማለዳ በሩን ከፈቱና ወደ አባትሽ ሂጂ አሏት።»

«ኤዬ።»

«ጉም ነበር። ከቶጎና ወንዝ አላለፈችም። አባቷ ሲያገኛት እጇ ላይ ሰማያዊ ዶቃ ነበር።»

ትንፋሽ ወሰዱና ጠበቁ። እጄ ሳላዘው ወደ አንገቴ ሄደ። አያቴን አየኋቸው፤ ጢማቸውን ይዘው ወለሉን ያያሉ። ፍሙ ተንኮሻኮሸ፣ ጧፉ ቀለጠ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድ የሚመልስ ጠፋ። አፌ ውስጥ ቃሉ ነበር፤ አላወጣሁትም። ብናገረው አያቴን የከሰስኳቸው መሰለኝ፤ ደግሞም ተናገሪ ያለኝ አልነበረም። ኦቦ አደም ትንሽ ጠብቀው አንገታቸውን ነቀነቁና ቡልኳቸውን ሳቡ።

«በሉ፣ እንኳን አደረሳችሁ» አሉ አያቴ፤ ጧፉ እንዲጠፋም አዘዙ።

የቀረው ወሬ ምን እንደነበር የገባኝ ሀሊማ ከመስቀል በኋላ መጥታ ወፍጮው ላይ ስትጎነበስ ነው። አባቷ «ይህቺን እንኳ ተዉልኝ» የሚለው ልመና ላይ ሳይደርሱ ነበር ያቆሙት። ተረት ንገሪኝ ብላት፣ «አላውቅም» አለችኝ፤ ቀና ብላም አላየችኝም። ያን ጊዜ የተሰማኝ እፍረት ከእኔ ጋር አደገ፣ ከእኔ ጋር ሸበተ። አያቴም ከዚያ ወዲህ ዓመት ሸኝተው አያውቁም፤ ነገር ግን ልጅቱን አልመለሱም።

አሁን አሮጊት ነኝ፤ የምኖረውም በዚያው ቤት፣ በዚያው መሬት ላይ ነው። ዓመት ሲያልቅ ሬዲዮኑ የዓለሙን ሥራ ሁሉ ይዘረዝራል፤ የሞተውን ንጉሥ፣ የቆመውን ጦርነት፣ ሰማይ የወጣውን ሰው። ሲጨርስ «እንኳን አደረሳችሁ» ይላል። ያን ጊዜ እዘጋውና ወደ በራፉ፣ ኦቦ አደም ወደተቀመጡበት ቦታ ዞሬ፣ «ኤዬ» እላለሁ። ትንሽ እጠብቃለሁ። የቀረውን የሚነግረኝ ሰው ግን የለም።