የባሊው ሽማግሌ ምክር

ከቤታችን ጓሮ፣ ወደ እንጦጦ ሽቅብ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ አባቴ በገዛ እጁ የካባቸው አራት የድንጋይ እርከኖች አሉ። ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቂት ድንች ይበቅልባቸዋል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቀኑን ሙሉ የሚውለው እዚያ ነው። ሰው ሲፈልገው "ማሳው ላይ ነው" እንላለን፤ ጓሮ ነው ካልን ያኮርፋል። ችግሩ የታችኛው እርከን ነው፤ በየክረምቱ ይናዳል። ሲናድ ደግሞ ጭቃው ከእኛ በታች ያሉት ሴትዮ ማድ ቤት ድረስ ይገባል። በዚህ የተነሳ አባቴና ሴትዮዋ ከተኳረፉ ዘመን ሆኗቸዋል። ለቅሶ ቤት እንኳ ቢገናኙ አንዳቸው ሲገቡ ሌላኛቸው ይወጣሉ።

ባለፈው ዓመት የወንድሜ ትዕግሥት አለቀ። "አባባ፣ በቃ፣ የሰው ቤት ጎርፍ ሲወስድ ነው የምትተወው? ሲሚንቶ እናልብሰውና ሰርቪስ ቤት እንሥራበት" አለው። አባቴም "ዘንድሮም ከተናደ አልከራከርህም" አለ። አባቴ ደግሞ ከአፉ የወጣውን አይመልስም። እርከኖቹን ቢያጣ ቀኑን በምን ይገፋዋል?

በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤቴ ለሥልጠና ኢንዶኔዥያ፣ ባሊ ደሴት ላከኝ። አባቴ ባሊ የት እንዳለች ስለማያውቅ በስልኬ ፎቶ አሳየሁት። ቤተ መቅደሶቹን በጣቱ እየገፋ አለፋቸው፤ የሩዝ እርከኖቹ ላይ ሲደርስ ግን መነጽሩን ፈለገ። "ይሄ ሁሉ ውኃ ላዩ ላይ ተኝቶ? ታዲያ እንዴት ነው የማይናደው?" አለ። ሻንጣዬን እስክዘጋ ድረስ የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። "ምንም እንዳታመጪልኝ። ብቻ አንዱን ገበሬ ጠይቂልኝ።"

ሥልጠናው ሲያልቅ አንድ ነፃ ቀን ተረፈኝና፣ ቤተ መቅደሶቹንና እርከኖቹን ከሚያስጎበኝ ሾፌር ጋር ተስማማሁ። ያን ቀን ሳስታውሰው አሁንም በሕልሜ ያየሁት ይመስለኛል። መንገዱ ጠባብ ነው፣ አየሩ እርጥብና ሞቃት። በየቤቱ ደጃፍ፣ ከቅጠል በተሠራች ትንሽ ሳሕን፣ አበባና ጥቂት ሩዝ ተቀምጧል። ዶሮዎች ሩዙን ይለቅማሉ፤ እሽ የሚላቸው የለም። ሁሉም ነገር የሚንቀሳቀሰው ቀስ ብሎ ነበር፤ እኔም ቀስ አልኩ።

ቤተ መቅደሱ በር ላይ ወገቤን በጨርቅ አሸረጡኝ። መቼም ልቤ ያኔ እንጦጦ ማርያም ሄዷል መሰለኝ፣ ጫማዬን አውልቄ ደጁ ጥግ አስቀመጥኩ። ሌላው ሰው ሁሉ በጫማው እንደሚገባ ልብ አላልኩም። ይባስ ብዬ የበሩን ድንጋይ ተሳለምኩ! ከንፈሬ ድንጋዩን ሲነካ ነው የማን ደጅ እንደሆነ ትዝ ያለኝ። እመቤቴ ይቅር ትበለኝ ብዬ አማተብኩና ወደ ውስጥ ሮጥኩ። ውስጡ ከተጠረበ ድንጋይ አፍ ውኃ ይወርዳል፤ ሰዎች ተሰልፈው ጭንቅላታቸውን ከሥሩ ያስገባሉ። የአገሬን ጠበል መሰለኝና ስንት ሰዓት እንደቆምኩ እንጃ።

መውጫው በሌላ በር ነበር። ሾፌሩ በባዶ እግሬ ስመጣ አይቶ ጫማዬን ምን እንደዋጠው ጠየቀኝ። ጫማዬማ ከግቢው ወዲያ ማዶ ነው። መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስኬድ ስለሆነ፣ ዞረን እስክንደርስ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብን። ጫማዬ እንዳስቀመጥኩት ጥንድ ሆኖ ተቀምጧል፤ አንድ ሰው ቢጫ አበባ ጣል አድርጎበታል። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እርከኖቹ ጋ ስንደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ሾፌሩ "ሃያ ደቂቃ" አለኝ። ወርጄ አንድ ግንድ ላይ ተቀመጥኩ። ከእግሬ ሥር እስከ ገደሉ ድረስ ደረጃ በደረጃ ውኃ ተኝቷል፤ በያንዳንዱ ውኃ ውስጥ ሰማይ አለ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ ከእኔ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ጎንበስ ብሎ በእጁ ጭቃ ያስተካክላል። አሁን እነሳለሁ፣ አሁን እጠይቀዋለሁ እላለሁ። ውኃው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ ግን ሰውነቴን አፈዘዘው። ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ ነቅቼ ነው የተኛሁት። ሾፌሩ ክላክስ ሲያደርግ ብድግ አልኩ። ሽማግሌው ቀና ብሎ እጁን አነሳልኝ፤ እኔም እጄን አነሳሁለትና ሄድኩ።

መንገዱን ሁሉ በራሴ አፈርኩ። አንድ ነገር ነበር የተላክሁት።

ቤት ስገባ አባቴ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ "ምን አለሽ?" አለኝ።

አልጠየቅሁም ማለት አቃተኝ። "ነገሩ ድንጋዩ አይደለም አለኝ" አልኩት። "እ... ማለቴ፣ ውኃ አይቆምም፣ ያልፋል እንጂ። ከላይ ያለው ሰው ከታች ካለው ጋር ሳይነጋገር አንድ ድንጋይ አያነሳም። የውኃውን መንገድ የሚያውቀው የታችኛው ነው፤ ጎርፉን የሚቀምሰው እሱ ስለሆነ።" ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ስንት ዓመት ልነግረው ፈልጌ ያልደፈርኩት ነገር ሳይሆን አይቀርም።

"እንዲህ አለ?"

"አዎ።"

"ሽማግሌ ነው?"

"ካንተም ይበልጣል።"

በሦስተኛው ቀን አባቴ ኮቱን ለብሶ ወደ ታች ወረደ። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አያለሁ። ሴትዮዋ ደጅ ሲደርስ ጭቃ የያዘ ቦቲውን አወለቀና በካልሲው ቆመ።

"ምን እግር ጣለዎት?" አሉት ሴትዮዋ።

የመለሰላቸው ነገር አልተሰማኝም። ብቻ ብዙ ቆይተው፣ ሁለቱም ወጥተው ዳገቱን ሽቅብ እያዩ ቆሙ። "ውኃው ድሮም መንገዱ በዚህ በቀኝ በኩል ነበር" አሉ ሴትዮዋ እጃቸውን ዘርግተው። "እርስዎ ነዎት በድንጋይ የደፈኑበት። ማን ጠየቀኝና ልናገር!" በሳምንቱ የደፈነው ድንጋይ ተነሥቶ በአጥራቸው ጥግ ቦይ ተቆፈረ፤ ወንድሜም እያጉረመረመ ቆፈረ።

ያ ክረምት ጨካኝ ነበር። ነሐሴ ላይ ቆርቆሮው ሲደበደብ አባቴ መስኮቱ ሥር ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ዝናቡ ባባራ ቁጥር ወጥቶ ያያል። እርከኑ አልተናደም።

መስከረም ጠብቶ ጎመን ስንለቅም "ያ ሽማግሌ ስልክ የለውም እንዴ? ባመሰግነው ደስ ይለኝ ነበር" አለኝ።

ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም። "አባባ፣ አልጠየቅሁትም። ከራሴ ነው የፈጠርኩት" አልኩት።

መልቀሙን አላቆመም። "አውቃለሁ" አለ። "ገበሬ ስለ እርከን ስትጠይቂው መጀመሪያ የሚያወራሽ ስለ ድንጋዩ ነው። ስለ ጎረቤት አያወራም።"

"ታዲያ ለምን ሄድክ?"

"መሄድ ከፈለግሁማ ስንት ዓመቴ ነው። ግን እርቅ ያለ ሽማግሌ እንዴት ይሆናል? አፈርኩ። አንቺ ሽማግሌ አመጣሽልኝ፤ የሩቅ አገር ሽማግሌ ልኮኝ ነው ብዬ ገባሁ።"

ከዚያ ከለቀመው ጎመን ትልቁን እስር አንስቶ ሰጠኝ። "ሂጂ፣ ይቺን ታች አድርሺላቸው" አለ።