ሁለተኛውን ጥያቄ ስጠብቅ

ከቢቸና በምወጣበት ዋዜማ ምሽት ቤታችን እንደ ድግስ ቤት ሞልቶ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበር የሚመጣው ሁሉ ደጃፍ ላይ የዋልካውን ጭቃ ከጫማው እየጠረገ ይገባል። እናቴ እንዳታለቅስ ሥራ ታበዛለች፤ እኔ ሻንጣዬን እዘጋለሁ፣ ደግሞ እከፍታለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ በሶ በፌስታል ቋጥረው መጡ።

«እንኪ ልጄ፣ መንገድ ላይ ይርብሻል።»

«አይ እትዬ፣ ለምን ተቸገሩ፤ ይቅርብኝ።»

«በሞቴ።»

«ኧረ ሻንጣውም ሞልቷል።»

«አፈር ስሆን፣ ያዢ አልኩሽ።»

በሦስተኛው በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ገና አንዴ ሲሰጧት የምትቀበል ልጅ እኛ ዘንድ ወይ ርቧታል ወይ አላደገችም። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ከእናቴ ጀርባ ቆሜ ያየሁት ነው። ሲነጋ በደጀን በኩል ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው አውቶቡስ ስሳፈር በሶው ጭኔ ላይ ነበር።

የመጣሁት ኢስቶኒያ፣ ታርቱ የምትባል ከተማ ነው። ብዙዎቻችሁ ስሟን ሰምታችሁ አታውቁም፤ እኔም ትምህርት ሳፈላልግ ነው የሰማሁት። እዚህ በተማሪ ቪዛ የመጣ ሰው ትምህርቱን እስካላጓደለ ድረስ ሙሉ ቀን መሥራት አይከለከልም። ይህን ስሰማ በር የተከፈተልኝ መስሎኝ ነበር፤ «እስካላጓደለ ድረስ» የምትለዋን ልብ ያልኳት ከገባሁ በኋላ ነው።

የምማረው የአፈር ሳይንስ ነው፣ ሁለተኛ ዲግሪ። ክፍያውን የምሸፍነው ራሴ ስለሆንኩ የሆቴል አንሶላ በሚታጠብበት ትልቅ ላውንደሪ ተቀጠርኩ። ጠዋት አንሶላ፣ ከሰዓት በኋላ ክፍል፣ ማታ ንባብ። አውቶቡስ ላይ ሳነብ ፌርማታዬ ያልፈኛል፤ ክፍል ውስጥ ደግሞ እጄ ሳላስበው ወረቀቱን በአራት ያጥፋል። ሌይብ የሚሉት ጥቁር ዳቦ አላቸው፤ ኮምጠጥ ማለቱ እንጀራን ያስታውሰኛል፣ ግን ምኑ ይጠቀለላል። የኛ ሐምሌ የቱንም ያህል ቢጠቁር መሀል ላይ ፀሐይ ብልጭ ትላለች፤ የዚህ ብርድ ወቅት ግን እንደጨለመ ነግቶ እንደጨለመ ይመሻል። አውቶቡስ ላይ አጠገብሽ ማንም አይቀመጥም። ዓይናፋር ስለሆንኩ መጀመሪያ ላይ ይሄ ተመችቶኝ ነበር።

ችግሩ የሐሙስ ጠዋቱ የላቦራቶሪ ትምህርት ከፈረቃዬ ጋር መጋጨቱ ነው። ደጋግሞ የቀረ ሰው ከተማሪነት ይሰረዛል፤ ከተሰረዘ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዱም የለም፣ ወደመጣበት መመለስ ነው።

የላውንደሪው አለቃችን ቲና ትባላለች። እናቴን የምታህል፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት፤ እትዬም ምንም ሳይሉ ቲና ብሎ መጥራት እስካሁን አፌ ላይ ይከብደኛል። አንድ ቀን ወደ ማጠፊያው ማሽን መጣችና፣

«የማታ ፈረቃ ላይ አንድ ሰው ለቋል። ለትምህርትሽ ይመችሻል። ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ።

«አይ፣ ግድ የለም፣ አትቸገሪ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ። ልቤ በደስታ እየዘለለ ነበር።

«ሴልጌ» አለች፤ ገባኝ ማለት ነው። ሄደች።

ቀኑን ሙሉ ጠበቅኳት። ባለፈች ቁጥር ቀና እላለሁ፤ እሷ በሥራዬ የበረታሁ መስሏት ራሷን ትነቀንቅልኛለች። በማግስቱ የማታውን ፈረቃ ሌላ ሴት ወሰደችው።

አብራኝ የምትኖረው ዘይነባ የሞጣ ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ እዚያ የጨርቅ ሱቅ አላቸው።

«ምን አልሻት?» አለችኝ።

«አትቸገሪ።»

«ከዚያስ?»

«ደግማ ትጠይቀኛለች ብዬ…»

ዘይነባ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አንቺ የቢቸና ሰው፣ በሞቴ እስክትልሽ ነው የጠበቅሽው?» ስቃ ሲበቃት፣ «እኛ ሱቅ ደንበኛው አልፈልግም ብሎ ሲወጣ መንገድ ድረስ ተከትለን እንጠራዋለን። እዚህ የሚከተልሽ የለም።»

«አንቺስ እንዴት ለመድሽው?»

«ማን ለመደው። እንደመጣሁ አከራያችን ብርድ ልብስ ልጨምርልሽ ሲለኝ ይቅርብኝ አልኩና ያን ሁሉ ብርድ በጃኬት ተኛሁት።»

ከዚያ ሐሙስ ሐሙስ እየቀረሁ ስለነበር ከዩኒቨርሲቲው ተጠራሁ። የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ ሠራተኛዋ ስክሪኗን እያየች፣ «ተማሪ ነሽ ወይስ ሠራተኛ?» አለች።

«ሁለቱንም።»

«ሐሙስ ጠዋትስ?»

«ሐሙስ ጠዋት… ሠራተኛ ነኝ።»

«እንግዲያው ለሐሙሷ ሴትዮ ንገሪልኝ፤ አንድ ቀን ከደገመች ተማሪዋን እንሰርዛታለን።» አልሳቀችም።

ወደ ቲና ስሄድ የምናገረውን እንደ ፈተና አጥንቼው ነበር። የማታውን ፈረቃ እፈልገው እንደነበር ነገርኳት።

«አልፈልግም ብለሽኝ ነበር እኮ» አለች።

«ለጨዋነት ነው።»

«የምትፈልጊውን አልፈልግም ማለት?»

«መጀመሪያ ላይ ብቻ።»

«ስንት ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ?»

«ሦስት። አንዳንዴ ሁለትም ይበቃል።»

ቲና አዳራሹን የሞላውን ሠራተኛ አየች። «ታዲያ አንሶላውን ማን ያጥባል?» አለች። ትንሽ አሰበችና፣ «የማታው ተይዟል። ሐሙስን ልልቀቅልሽ፣ በምትኩ እሑድ ግቢ። ትፈልጊያለሽ?»

እሑድ የቀረችኝ ቀን ነበረች፤ የምተኛባት፣ ቅዳሴ በስልክ የማዳምጥባት።

«እፈልጋለሁ» አልኩ ገና አፏን ሳትዘጋ። የሰው ሞሰብ ከፍቼ የበላሁ ይመስል ጆሮዬ ጋለ።

አሁን ሐሙስ ላቦራቶሪ እገባለሁ፤ እሑድ አንሶላ አጥፋለሁ። ቤት የምደውለው ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሆኗል። ባለፈው እሑድ እናቴ፣

«የዘይነባ ወንድም ወደዚያ ሊሄድ ነው አሉ። ሽሮና በርበሬ ላስይዘው?» አለችኝ።

«አዎ እማ፣ ላኪልኝ።»

ቀስ ብላ፣ «ምን ሆነሻል?»

«ምንም።»

«ርቦሻል?»

«ኧረ አልራበኝም።»

«ታዲያ?»

ከአጠገቧ እትዬ ጥሩዬ «ምን አለች?» ሲሉ ሰማሁ። እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ገና አንዴ ስጠይቃት እሺ አለችኝ» አለቻቸው። «ውይ ልጄን» አሉ እትዬ ጥሩዬ።

እናቴ ወደ ስልኩ ተመለሰች። «ካልሆነልሽ ነይ በቃ፣ ቤትሽ ግቢ። ማንም ምንም አይልሽም።»

ፌርማታዬ በመስኮቱ አለፈ።

«አይ እማ፣ ደህና ነኝ» አልኳት። ከዚያ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ይዤ ጠበቅኩ።