የቼኮቹ መንደርና የደብራችን ድንጋይ

ልጅ ሳለሁ ከሰው አፍ የሰማሁትን ነው የምጽፈው። ዘመኑ ርቋልና አንዳንዱን አዛብቼ ይሆናል፤ ያልሰማሁትን ግን አልጨመርሁም። ትምህርቴም ከአራተኛ ክፍል አላለፈም።

ያኔ ሰቆጣ፣ አባቴ ቄሰ ገበዝ ከነበሩበት ደብር አጠገብ እንኖር ነበር። ማታ ማታ፣ ፍሙ አመድ ሲለብስና ኩራዙ ጥላሸቱን ወደ ጣሪያው ሲተፋ፣ አያ ንጉሤ የሚባል ጎረቤታችን መጥቶ ወሬውን ይጀምራል። አዲስ አበባ ለአንድ የቼክ ሐኪም ዘበኛ ሆኖ ሲሠራ፣ ሐኪሙ አገሩ ሲገባ ይዞት ሄዶ አንድ ዓመት ከመንደሩ አስቀምጦት ነበር። ከተመለሰ ወዲህ ካፖርቱን ከትከሻው፣ ያችን መንደር ከአፉ አውልቆ አያውቅም።

ስሟ ጠፍቶኛል፤ ቢጠፋም አላዘንሁም። ተራራ አላት ብሎ ሲያወራ ቆይቶ፣ አባቴ ቁመቱን ቢጠይቁት፣ ከገበያው ወደ ደብራችን ከሚያወጣው ዳገት የማይበልጥ ጉብታ ሆኖ ተገኘ። ወንዟን ፍየል ሳትንደረደር ትዘለዋለች። ሰዎቿ ኩሬ ቆፍረው ዓሣ ያረባሉ፤ በዓመት አንዴ ውሃውን ያፈሱና መንደርተኛው ሁሉ ጭቃ ውስጥ ቆሞ በመረብ ይለቅማል። ታሪኳም ከዚህ አይሻልም። ጥንት፣ የቁርባኑ ጽዋ ለምን ለቄሶች ብቻ ሆነ ብሎ ሕዝቡ ተነሥቶ፣ ክርስቲያን ከክርስቲያን ተራርዶ መንደሯ ተቃጥላለች።

«ሥጋውን ሰጥቶ ደሙን የሚከለክል ቄስ!» አሉ አባቴ፤ ፊታቸውን አዞሩ።

እኔም ናቅኋት። ይበልጥ የናቅሁት ግን አያ ንጉሤን ነው፤ በገዛ ደብሩ ያፍር ነበርና። የደብራችን ደወል ከግቢው ጥድ ላይ በጠፍር የተንጠለጠለ ረጅም፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። በሌላ ድንጋይ ሲመታ ከወንዙ ማዶ ይሰማል። እሱ ግን «ደግሞ ማንኳኳት ጀመሩ» እያለ የካፖርቱን ኮሌታ ወደ ጆሮው ይስብ ነበር። የሐኪሙን መንደር የነሐስ ደወል ሲያወድስ ሲያወድስ ወጣቶቹን ዲያቆናት አሳመናቸው፤ ድንጋዩ ወርዶ ይጣል፣ ነሐስ ይሰቀል ማለት ጀመሩ።

ነገሩ በሚቆረጥበት ምሽት የደብሩ ሽማግሌዎች ቤታችን ተሰበሰቡ። ያን ድንጋይ አያታቸውም አባታቸውም ሲመቱት ኖረዋልና፣ አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ አያ ንጉሤ ዞሩ።

«ንጉሤ፣ ያን የነሐስ ደወል ዛሬ ማን ይደውለዋል?»

አያ ንጉሤ ጉረኛ ነው እንጂ አይዋሽም። «ዛሬማ የለም፣ ቄሰ ገበዝ። በጦርነቱ ጊዜ አገራቸውን የያዘው ወታደር አወረደው። ለመድፍ አቀለጡት ይላሉ።»

«ታዲያ ምእመኑን በምን ይጠሩታል?»

«የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ሰቅለው... እሱን ይመታሉ።»

«አዬ ጉድ! ድንጋይ እንኳ አጡ?» አለ አንዱ ሽማግሌ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

አባቴ አልሳቁም። «ጣሊያን እዚህ የገባ ጊዜ፣ ከጥዱ ሥር ቆሞ ድንጋያችንን አየና ስቆ አለፈ። ነሐስ ቢሆን ስቆ ያልፍ ነበር?»

የነሐሱ ነገር በዚያው ቀረ። ድንጋዩም አልወረደም። አያ ንጉሤ ካፖርቱን ሰብስቦ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ እሳታችን ዳር አልተቀመጠም።

የመጨረሻውን ወሬ የሰማሁት ጎረምሳ ሆኜ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ከአንድ ሱቅ በር ላይ ዝናብ ተጠልዬ ሳለ ነው። የባለሱቁ ሬዲዮ የሌላ አገር ታንክ ቼኮች አገር ገባ አለ። አያ ንጉሤ ያንኑ ካፖርት እንደ ለበሰ፣ ጆሮውን ለሬዲዮው ሰጥቶ ቆሟል።

«የመንደሯን ስም አላነሣም?» አለኝ።

«ያችን ጉብታ ማን ያነሣታል፣ አያ ንጉሤ?» አልሁት።

ወዲያው ለቅዳሴ ድንጋዩ ተመታ። ኮሌታውን አልሳበም፤ ድምፁ እስኪያልቅ ድረስ ወደ ደብሩ ዞሮ ሰማና፣ «ሐዲዱንም ይወስዱባቸው ይሆን?» አለ።

ለመንደሯ ዛሬም ክብር የለኝም፤ ድንጋዩ በተመታ ቁጥር ግን ያ ጥያቄ ይመጣብኛል። የሚመልስልኝ ሰው አላገኘሁም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለሷ የሰማሁት ነገር የለም።